የመንግሥት ድርጅት ሲሸጥ፦ ከአምስቱ መንገዶች የትኛው ለማን ይበጃል?

ቅዳሜ ቅዳሜ ከቸርችል ጎዳና ገባ ብላ ባለች ቡና ቤት ተሰብስበን እቁብ እንጥላለን። ቀድሞ ፒያሳ ነበርን፤ ሰፈሩ ሲፈርስ እቁቡም አብሮን ቁልቁል ወረደ። በጥቅምት 2017 የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ለሽያጭ በቀረበ ሰሞን የእቁባችን ዳኛ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልካቸውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ቴሌብር ላይ 33 አክሲዮን ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ 9,900 ብር ይላል። «ልጄ፣ ሒሳብ ሠራተኛው አንተ ነህ። ልጫነው ወይስ ልተወው?» አሉኝ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ማዶ የተቀመጠው ነጋዴ «መንግሥት ቴሌን ሸጦ ሊጨርስ ነው፤ ቶሎ ይግዙ እንጂ!» አለ። ከጎኑ ያለው «አሥር በመቶ ደግሞ ምን ሽያጭ ነው?» ብሎ ተነሣበት። አንዱ የቢራውን፣ ሌላው የስኳሩን፣ ሦስተኛው የባቡሩን ሲያነሣ ማኪያቶው ቀዘቀዘ። ሁሉም ልክ ነበሩ፤ የተከራከሩት ግን ስለ አንድ ነገር አልነበረም። «ወደ ግል ማዛወር» የሚባለው ስም ቢያንስ አምስት የማይመሳሰሉ ሥራዎችን ይሸፍናል። በአንዱ መንግሥት ድርጅቱን ከነሕንፃው ያስረክባል፤ በሌላው ከንብረቱ አንዲት ብሎን ሳይሸጥ ሚሊዮኖች ይሰበስባል። ስለዚህ ዜናውን ስንሰማ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን «ይሸጥ ወይስ አይሸጥ?» ሳይሆን «በየትኛው መንገድ?» የሚለውን ነው። ይህ ጽሑፍ መንገዶቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ይመዝናል፤ የእኔንም ምርጫ አልደብቅም።

ነገሩ ከየት መጣ

ባንኮችና ኢንሹራንሶች በታኅሣሥ 1967፣ ትልልቆቹ ፋብሪካዎችና ንግድ ድርጅቶች ደግሞ በወሩ በጥር በደርግ ተወረሱ። የመመለሱ ሥራ የተጀመረው የኢትዮጵያ ፕራይቬታይዜሽን ኤጀንሲ በ1986 ሲቋቋም ነው። ከዚያ በኋላ ሱቆች፣ ሆቴሎች፣ እርሻዎችና ፋብሪካዎች ተራ በተራ ተሸጡ። ቴሌ፣ መብራት ኃይል፣ አየር መንገድና የመርከብ ድርጅት ግን እስከ ግንቦት 2010 ድረስ የማይነኩ ነበሩ። በዚያ ወር ኢሕአዴግ የእነዚህ ድርጅቶች ከፊል ድርሻ፣ ስኳርን፣ ባቡርንና ሆቴሎችን የመሳሰሉት ደግሞ በከፊልም ሆነ በሙሉ ለባለሀብቶች እንዲተላለፉ ወሰነ። በ2014 ደግሞ ዋና ዋናዎቹን ድርጅቶች በአንድ ጥላ ሥር የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ተቋቋመ።

ሙሉ ሽያጭ፦ የቢራው መንገድ

ለዚህ መንገድ ከቢራ የተሻለ ማስረጃ የለንም። ከ1915 ጀምሮ የነበረው የሜክሲኮው ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ1998 ለፈረንሳዩ ቢጂአይ በ10 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሐረርና በደሌን በ2003 ሄኒከን በድምሩ በ163 ሚሊዮን ዶላር ወሰዳቸው። በዓመቱ ዲያጆ ለሜታ አቦ ብቻ 225 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። እነዚህን ቁጥሮች ተከታትሎ የሚያይ ሰው «ጊዮርጊስን በነፃ ሰጥተነው ነበር እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። እኔም ብዬ ነበር። ነገር ግን በመጀመሪያው ሽያጭና በመጨረሻው መካከል ከአሥር ዓመት በላይ አለ፤ ጠጪው በዝቷል፣ ከተማው ሰፍቷል፣ ዓለም አቀፎቹ ጠማቂዎችም አገሪቱን ማየት ጀምረዋል። አስቀድሞ የሸጠ ሰው ርካሽ ይሸጣል፤ ገበያ መኖሩን ለሌሎች የሚያሳየው ግን እርሱ ነው።

የቢራው ሽያጭ ዋና ውጤት በጨረታው ቀን የገባው ዶላር አይመስለኝም። ከሽያጩ በኋላ ቂሊንጦ ላይ አዲስ ፋብሪካ ተሠራ፤ ዋልያ ወጣ፤ የአገር ውስጥ ባለአክሲዮኖች ያሉበት ሐበሻ ቢራ ገባ። ፋብሪካ ሲበዛ ብቅል ጠፋ። ብቅሉን ከውጭ በዶላር ማምጣት ሲከብድ ፈረንሳዩ ሱፍሌ ቦሌ ለሚ ላይ፣ ቡርትማልት ደብረ ብርሃን ላይ የብቅል ፋብሪካ ተከሉ። የአርሲና የሸዋ ገብስ አምራች ከዚህ በፊት ያላየውን ደንበኛ አገኘ። መንግሥትም ከሸጠ በኋላ ከጨዋታው አልወጣም፤ ከእያንዳንዱ ጠርሙስ ኤክሳይስ ታክስ ይሰበስባል። ባለቤትነቱን ተወ እንጂ ገቢውን አልተወም።

እንከኑስ? በ2014 ዲያጆ ሜታ አቦን ለቢጂአይ ሸጦ ወጣ። ማለትም በመንግሥት እጅ ሁለት ሆነው የነበሩት ጊዮርጊስና ሜታ በግል እጅ አንድ ባለቤት ሥር ገቡ። ሸጠን ስንጨርስ ገዢዎቹ እርስ በርሳቸው እንደሚሸጣሸጡ መርሳት የለብንም፤ የውድድር ሕጉ ጥርስ ከሌለው የመንግሥት ሞኖፖል የግል ሞኖፖል ይሆናል።

ሁለተኛው እንከን የመሀል አዲስ አበባ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ገዢው የሚያገኘው የመጠቀም መብት ነው። ይሁን እንጂ በሜክሲኮ፣ በለገሃር ወይም በስታዲየም ዙሪያ ያለ ያረጀ ሆቴል ወይም ወርክሾፕ ለጨረታ ሲቀርብ ተጫራቹ ልቡ ያለው በአልጋውና በማሽኑ ላይ አይደለም፤ በቦታው ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሽያጭ ሲታወጅ የቦታውና የሥራው ዋጋ ተለያይቶ መቅረቡን እመለከታለሁ። ካልተለየ ሆቴል ተሸጠ አልልም፤ ቦታ ተሸጠ እላለሁ።

ከፊል ድርሻ ለአንድ ትልቅ ገዢ፦ የሲጋራው መንገድ

ብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት ይህን መንገድ ያሳያል። ጃፓን ቶባኮ በ2008 የድርጅቱን 40 በመቶ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2010 ደግሞ በ434 ሚሊዮን ዶላር ድርሻውን ወደ 70.95 በመቶ አሳደገ። ሁለቱ ሲደመሩ ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር ይጠጋሉ። ለማነጻጸር ያህል፣ የለገደምቢ ወርቅ ማዕድን ለሚድሮክ የተሸጠው እ.ኤ.አ. በ1997 በ172 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ወርቅ ከሲጋራ ያነሰ ዋጋ አወጣ ማለት ነው።

ለዚህ የጊዜው ልዩነት አንድ ምክንያት ነው። ዋናው ምክንያት ግን ድርጅቱ በገበያው ላይ ብቻውን መሆኑ ይመስለኛል። ገዢው የከፈለው ለፋብሪካው ብቻ ሳይሆን ለብቸኝነቱም ጭምር ነው። ሞኖፖልን ከነሞኖፖልነቱ የሚሸጥ መንግሥት ዛሬ ብዙ ዶላር ያገኛል፤ ያንን ዶላር ለዓመታት የሚመልሰው ተጠቃሚው ነው። ስለ ሲጋራ ስናወራ ብዙም ላያሳዝን ይችላል። ውኃ ወይም መብራት ቢሆን ግን ማንም አይስቅም።

ቴሌንም በዚህ መንገድ ለመሸጥ ተሞክሮ ነበር። መጀመሪያ 40፣ በኋላ 45 በመቶ ድርሻ ለውጭ ኩባንያ ቀረበ፤ ፈረንሳዩ ኦሬንጅ ፍላጎት አሳይቶ እ.ኤ.አ. በ2023 ራሱን አገለለ። ትልቅ ገዢ ፍለጋ ሲወጡ ድርድሩ ረጅም፣ መጨረሻውም የማይታወቅ መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል።

የማኔጅመንት ኮንትራት

ይህኛው ንብረት ሳይሸጥ አስተዳዳሪ መቅጠር ነው። በኅዳር 2003 ኢትዮ ቴሌኮም በአዲስ መልክ ሲቋቋም ፍራንስ ቴሌኮም ለሁለት ዓመት አስተዳደረው። የአዲስ አበባ ጅቡቲን ባቡርም ከ2010 ጀምሮ ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ለስድስት ዓመት አንቀሳቅሰው በ2016 ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ አስረከቡ። ዋጋው ትንሽ ነው፤ አደጋውም ትንሽ ነው። የሚያመጣው ለውጥ ግን ውሉ ውስጥ ከተጻፈው አይበልጥም፤ ገንዘብም አያመጣም። የሚሠራው ወራሹ ሠራተኛ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከጎን ተቀምጦ ሲማር ነው።

ሳይሸጡ ተወዳዳሪ ማስገባት

ብዙ ሰው ይህንን ከፕራይቬታይዜሽን አይቆጥረውም፤ ለእኔ ግን ከሁሉም ይበልጣል።

በግንቦት 2013 ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት ለአንድ የቴሌኮም ፈቃድ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ኤምቲኤን 600 ሚሊዮን አቅርቦ በቂ አይደለም ተባለ። ልብ በሉ፤ መንግሥት ከቴሌ አንድ ምሰሶ እንኳን አልሸጠም፤ የሸጠው በገበያው ውስጥ የመግባት መብትን ነው። በመስከረም 2015 አገልግሎቱ አዲስ አበባ ላይ በይፋ ሲጀመር በስታዲየም ዙሪያ አረንጓዴ ጃንጥላ ዘርግተው ሲም ካርድ የሚሸጡ ወጣቶች በዙ። ከዚያ በፊት ቴሌን የሚያማርር ሰው ምርጫው ማማረር ብቻ ነበር።

የበለጠ የሚገርመኝ ግን ከዚያ በፊት የሆነው ነው። ገበያው እንደሚከፈት በተነገረ በሦስተኛው ወር፣ በነሐሴ 2010፣ ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን በ43 በመቶ፣ የሞባይል ጥሪን በ40 በመቶ ቀነሰ። ተወዳዳሪው ገና ደጃፍ ላይ እንኳን አልቆመም ነበር። ያው ድርጅት፣ ያው ባለቤት፣ ያው ሕንፃ፤ የተለወጠው ብቻዬን ነኝ የሚለው ስሜት ነው።

እንከኑ ሜዳው እኩል ካልሆነ ውድድሩ የይስሙላ መሆኑ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ሲሆን የሳፋሪኮሙ ኤም-ፔሳ የገባው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ነው። በእነዚህ ሁለት ዓመታት አንዱ ሲሮጥ ሌላው ጫማውን እንዳያስር ተከልክሎ ነበር። ተወዳዳሪ የሚያስገባ መንግሥት የአንዱ ተወዳዳሪ ባለቤትም ዳኛም ሆኖ እንዳይቀመጥ የመቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤቱ ነፃነት ወሳኝ ነው።

አክሲዮን ለሕዝብ፦ ወደ ዳኛችን ስልክ እንመለስ

መንግሥት ከኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶውን፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱን በ300 ብር አቀረበ። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ወይም 9,900 ብር፣ ትልቁ 3,333 አክሲዮን ወይም 999,900 ብር ነበር። የተፈቀደውም ለኢትዮጵያውያን ብቻ ነው። ሐሳቡ ቆንጆ ነው፤ አንድ ባለሀብት ከሚጠቀልለው ሊስትሮውም መምህሩም ይግዛው። ቀነ ገደቡ ተራዝሞ በየካቲት 2017 ሲዘጋ 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ገዝተው 3.2 ቢሊዮን ብር ተሰበሰበ። ከቀረበው ከአሥር አንድ ገደማ ብቻ ተሸጠ ማለት ነው። ገንዘቡ በጊዜው ምንዛሪ ከ30 ሚሊዮን ዶላር አይሞላም፤ ከፈቃዱ 850 ሚሊዮን ጋር ያነጻጽሩት።

ለምን አልሞላም? ያን ዕለት በሶፍት ላይ ለዳኛችን የጻፍኩላቸው ሒሳብ ከፊሉን መልስ ይሰጣል። 10 በመቶው 100 ሚሊዮን አክሲዮን ከሆነ ጠቅላላው አንድ ቢሊዮን ነው። ስለዚህ ኩባንያው የሚያከፋፍለው እያንዳንዱ አንድ ቢሊዮን ብር የትርፍ ድርሻ ለአንድ አክሲዮን አንድ ብር ይደርሰዋል፤ ለ33 አክሲዮን 33 ብር። 9,900 ብር በባንክ በዝቅተኛው በ7 በመቶ የቁጠባ ወለድ ቢቀመጥ በዓመት 693 ብር ያስገኛል። ከአክሲዮኑ ያንኑ 693 ብር ለማግኘት ኩባንያው በዓመት 21 ቢሊዮን ብር ማከፋፈል አለበት። ማትረፍ አላልኩም፤ ማከፋፈል ነው ያልኩት። ለማስፋፊያ የሚያስቀረው ገንዘብ ወደ ኪስዎ አይገባም።

«ታዲያ አትግዢ ማለትህ ነው?» አሉኝ። አይደለም። ወለዱ በዋጋ ንረት ይበላል፤ አክሲዮኑ ግን ከኩባንያው ጋር ሊያድግ ይችላል። ኬንያ በ2000 የሳፋሪኮምን 25 በመቶ ለሕዝብ ስትሸጥ አንዱ አክሲዮን 5 ሺሊንግ ነበር። ሕዝቡ ተሻምቶ ከቀረበው ከአራት እጥፍ በላይ ጠየቀ። ከዚያ ዋጋው ከ5 ሺሊንግ በታች ወረደና ለዓመታት ሰውን አስለቀሰ። በትዕግሥት የጠበቁት ግን በኋላ ዋጋው ብዙ እጥፍ ሆኖ አገኙት። ለልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ በመስከረም የሚያስፈልግ ገንዘብ በዚህ መንገድ አይሄድም። አሥር ዓመት የማይፈለግ ገንዘብ ግን ሊሄድ ይችላል።

እንዲህ ያለ አክሲዮን የሚገዛ ሰው ከዋጋው ሌላ ሁለት ነገር ይመልከት። የመጀመሪያው መውጫው ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው በጥር 2017 ነው፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። ማለትም የቴሌ አክሲዮን ሽያጭ ሲጀመር «ነገ ብፈልግ ለማን እሸጠዋለሁ?» ለሚል ሰው የሚታይ ገበያ አልነበረም። ብዙ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች የተዉት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ሁለተኛው ድምፅ ነው። ከ90 በመቶ በላይ የያዘ አንድ ባለአክሲዮን ባለበት ጉባኤ የትንሾቹ እጅ ማውጣት ለሥርዓት ያህል ነው። በአክሲዮን ሽያጩ መግለጫ ሰነድ ውስጥ የአነስተኛ ባለአክሲዮኖች መብት የተጻፈበትን ገጽ ፈልጎ ማንበብ ከዋጋው ገጽ ይልቅ ይጠቅማል። ገጹ አሰልቺ ነው፤ እኔም ሁለት ጊዜ ጀምሬ ነው የጨረስኩት።

ባለበት ይቆይ የሚለውስ?

ከእቁብተኞቻችን አንዱ፣ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ፣ «የአባቶቻችን ንብረት ለምን ይሸጣል? ባለበት ይቆይ» ይላሉ። አከብራቸዋለሁ፤ አለመሸጥ ግን በነፃ አይደለም። የመንግሥት ድርጅቶች፣ ስኳሩን ጨምሮ፣ ለዓመታት ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የወሰዱት ብድር ሳይመለስ ሲከማች መንግሥት ባንኩን መልሶ ለማቋቋም በ2017 ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ቦንድ እንዲያወጣ ምክር ቤቱ አጸደቀ። ያ ዕዳ የእኔም የእርሳቸውም ነው። የስኳር ፋብሪካዎቹም በበኩላቸው እ.ኤ.አ. በ2022 ስምንቱ ለገዢ ቢቀርቡም ነገሩ በቀላሉ አልቋጨም፤ ዕዳው፣ ያልተጠናቀቀው ግንባታና የመሬቱ ጉዳይ የተያያዘ ነው። የቆየ ቁስል ይዞ ገበያ የወጣ በሬ ዋጋ አያወጣም።

ምርጫው ለእኔ ቢተው

ቢራ፣ ዱቄት፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ሆቴል፦ ሙሉ ሽያጭ፣ በግልጽ ጨረታ፤ ቦታው ለብቻው ተገምቶ፣ የነባር ሠራተኛው መብትና የገዢው የኢንቨስትመንት ግዴታ በቀን ተወስኖ በውሉ ውስጥ ተጽፎ። መንግሥት ጠርሙስ ሲያጥብ መዋል አያምርበትም።

የመብራት ማስተላለፊያ መስመርና የባቡር ሐዲድ፦ አይሸጡም። ሁለት ሽቦ በአንድ መንገድ መዘርጋት ከንቱ ወጪ ስለሆነ ተወዳዳሪ ማስገባት አይቻልም፤ ከተሸጠ ባለቤቱ ማንም ቢሆን ብቸኛ ነው። እዚህ የማኔጅመንት ኮንትራቱ ይበጃል።

ስኳር፦ ዕዳው ይለይ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይሸጥ፤ ስምንቱን በአንድ ላይ ገበያ ማውጣት ለገዢው የማማረጥ ዕድል ከመስጠት በቀር ጥቅሙ አይታየኝም።

ቴሌ፦ መጀመሪያ ተወዳዳሪ፣ ቀጥሎ ለሕዝብ አክሲዮን፤ ዋጋውን ሻጩ ሳይሆን ገበያው እየወሰነው፣ በትንሽ በትንሹ። የተደረገው ቅደም ተከተል ወደዚህ ይጠጋል፤ ስህተቱ 100 ሚሊዮኑን በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዋጋ ማቅረቡ ላይ ነው።

ንግድ ባንክ፦ ለጊዜው አይነካ፤ ከሕመሙ እስኪያገግም ይጠበቅ።

የእቁባችን ዳኛ ሶፍቱን ገልብጠው አነበቡት፤ ከዚያ መነጽራቸውን አውርደው 33ቱን ተጫኑት። ከ33 አልጨመሩም። ለምን እንደገዙ ስጠይቃቸው «ጊዮርጊስን ሲሸጡ ማን ጠየቀኝ?» ብለው ሶፍቱን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ቀጥለውም የዕለቱን ዕጣ አወጡ፤ ለነጋዴው ደረሰ።